ጡረታ የወጣ መከላከያ፣ ሥራ ላይ ያለ ፍተሻ

የሶፍትዌር ፍተሻ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በዕለት ንግግራቸው «ቴስት» የሚሉት፣ ሌላ ፕሮግራምን የሚመረምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዋናውን ፕሮግራም በታወቀ ግብዓት ያስነሳዋል፤ የሚጠበቀው ውጤት መምጣቱን ያያል፤ ከመጣ አረንጓዴ፣ ካልመጣ ቀይ ያሳያል። አንድ የባንክ ሥርዓት መቶ ብር ካለበት ሂሳብ ላይ ሁለት መቶ ብር እንዲከፍል ሲጠየቅ እምቢ ማለቱን የሚያረጋግጠው ፍተሻ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። እምቢታ የሚባለው ነገር ዋጋው የሚታወቀው በጠፋ ዕለት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል፤ ባንኩ ጉዳዩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ችግር መሆኑን፣ ያለ አግባብ የወጣውም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቋል። ሁሉም የሆነው በሰዓታት ውስጥ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቅ ፕሮግራም እንዲህ ያሉ ፍተሻዎች በሺዎች ይኖሩታል። አዲስ የደህንነት መከላከያ በተጨመረ ቁጥር አብረውት የሚመጡ ፍተሻዎች አሉ፤ መከላከያው ራሱ በኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ቢቀመጥም ፍተሻዎቹ በየፋይሉ ይበተናሉ። ከዓመታት በኋላ መከላከያው ያረጃል። ወይ አጥቂዎች ሰብረውታል፣ ወይ የተሻለ መጥቷል፣ ወይ ይከላከለው የነበረው አደጋ ራሱ ቀርቷል። ያን ጊዜ የፕሮግራሙ ባለቤቶች «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቱ መከላከያውን አያጠፋውም። እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ግን አዲስ ሥራ እንዳይመሠረትበትና አንድ ቀን እንደሚወጣ ሁሉም እንዲያውቀው ተደርጓል። ከምልክቱ እስከ መውጫው ብዙ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ፤ በዚያ መካከል የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ የዚህ ጡረተኛ መከላከያ ፍተሻዎች ይሰረዙ ወይስ ይቆዩ?

ጥያቄው አጀንዳ ተይዞለት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍተሻዎቹ በሚካሄዱበት ኮምፒውተር ላይ አዲስ ስሪት ይጫናል፤ ትናንት አረንጓዴ የነበሩ በርካታ ፍተሻዎችም በአንድ ጊዜ ቀይ ይሆናሉ። ሥራ ይቆማል፤ አለቃ ይጠይቃል፤ ቀዮቹን መሰረዝ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚህ ጥድፊያ የተሰረዘ ፍተሻ ምን ይጠብቅ እንደነበር ኋላ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ተቃራኒው ስሕተትም የተለመደ ነው፦ ስሙ ላይ «ደህንነት» የሚል ቃል ያለበትን ፋይል ሁሉ ለመንካት መፍራት። ሁለቱም ፍተሻውን ሳያነቡ የሚወሰኑ ውሳኔዎች ናቸው።

ዘዴውና የገባው ቃል

ግራ መጋባቱ የሚመነጨው የደህንነት ፍተሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚመረምር ነው። አንዳንዱ ፍተሻ መከላከያው በምን ዘዴ እንደሚሠራ ያያል። ሌላው ደግሞ መከላከያው ለተጠቃሚው የገባው ቃል መፈጸሙን ያያል። ልዩነቱ በፒኤችፒ ታሪክ ላይ በደንብ ይታያል።

ፒኤችፒ ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ቋንቋ ነው፤ ዎርድፕረስም፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማሪያ የሚጠቀሙበት ሙድልም በእርሱ የተጻፉ ናቸው። ቀድሞ «ማጂክ ኮትስ» የሚባል መከላከያ ነበረው። ተጠቃሚው በቅጽ የሞላው ጽሑፍ ውስጥ ነጠላ ወይም ድርብ ጥቅስ ካለ፣ ቋንቋው ራሱ ከጥቅሱ ፊት ወደ ኋላ ያጋደለ ጭረት ይጨምርበት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለመረጃ ቋት በሚላክ ትእዛዝ ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ጽሑፍ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ምልክት ነው፤ ተንኮለኛ ሰው በስም መሙያው ቦታ ጥቅስ ከትቶ ከኋላው የራሱን ትእዛዝ ሊያስከትል ይችላል። ጭረቱ ጥቅሱን ተራ ፊደል ያደርገዋል።

አርሲ ውስጥ፣ ጢቾ ወይም አሰላ ላይ ሲታይ ግን ነገሩ የተንኮለኛ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ «ሁዻ» የሚባለው ምልክት በቃል መካከል ይገባል፤ በኮምፒውተር የሚጻፈውም በዚያው በነጠላ ጥቅስ ቁልፍ ነው። የራሱ ወይም የቀበሌው ስም ሁዻ ያለበት ሰው ቅጽ ሲሞላ፣ ማንንም ለማጥቃት ሳያስብ፣ በቅጡ ያልተሠራ ፕሮግራምን ትእዛዝ ሊያፈርስ ይችላል። ማጂክ ኮትስ ባለበት ደግሞ ስሙ መካከል ያልጻፈው ጭረት ይገባና እስከ ምስክር ወረቀቱ ድረስ ሊከተለው ይችላል። ለሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት መድኃኒት መስጠቱ መከላከያውን ካስጠሉት ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ ጭረቱ መረጃ ቋት ለሚገባውም ለማይገባውም ጽሑፍ ያለ ልዩነት ይጨመራል።

ፒኤችፒ በ2009 በወጣው 5.3 ስሪት መከላከያው ጊዜው እንዳለፈበት አስታወቀ፤ በ2012 በወጣው 5.4 አስወገደው። አንድ የተማሪ ምዝገባ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ ሁለት ፍተሻ ነበረው እንበል። የመጀመሪያው «ጥቅስ ያለበት ጽሑፍ ሲገባ ጭረት ተጨምሮበት ይደርሳል» ይላል። ሁለተኛው «ሁዻ ያለበት ስም ተመዝግቦ ተመልሶ ሲነበብ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም፤ በስም ቦታ የተጻፈ ትእዛዝም አልተፈጸመም» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ዘዴው ነው፤ ከማጂክ ኮትስ ጋር አብሮ መሄዱ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ስለ ቃሉ ነው፤ መከላከያው በወጣበት ዕለት ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ይፈለጋል። መከላከያው በመቼት ፋይል ሳይታዘዝ በነባሪው ብቻ በርቶ በነበረበት ሁሉ የፒኤችፒ 5.4 ለውጥ የመጣው በዝምታ ነበርና። በማጂክ ኮትስ ተማምኖ የተጻፈ ፕሮግራም አዲሱ ስሪት ላይ ሲጫን እንደ በፊቱ ይሠራል፤ ስም ይመዘግባል፤ ሪፖርት ያወጣል። የጎደለው ከጥቃት የሚጠብቀው ነገር ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ቀይ አድርጎ የሚያሳየው ሁለተኛው ፍተሻ ነው። ሁለቱም ፍተሻዎች «ማጂክ ኮትስ» በሚል አንድ ፋይል ውስጥ ከነበሩና ፋይሉ በስሙ ተፈርዶበት ከተሰረዘ፣ የሚናገር አይኖርም።

የጃቫ ሴኩሪቲ ማናጀር

ሰፋ ያለውና የቅርቡ ምሳሌ የጃቫ ነው። ጃቫ በ1996 ከወጣው የመጀመሪያ ስሪቱ ጀምሮ «ሴኩሪቲ ማናጀር» የሚባል መከላከያ ነበረው። ቋንቋውን በዚያን ጊዜ ዝነኛ ያደረጉት «አፕሌት» የሚባሉ፣ ከኢንተርኔት ወርደው ብራውዘር ውስጥ የሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች ነበሩ። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፕሮግራም የባለቤቱን ፋይል እንዳያነብ፣ እንደ ልቡ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክለው ሴኩሪቲ ማናጀር ነበር። በ1998 በወጣው 1.2 ስሪት ፈቃዶቹ አንድ በአንድ በፖሊሲ ፋይል የሚዘረዘሩ ሆኑ፤ ለየትኛው ኮድ ምን እንደሚፈቀድ በዝርዝር መጻፍ ተቻለ።

አፕሌት ሞተ። ብራውዘሮች የጃቫ ተሰኪን መደገፍ አቆሙ፤ በ2018 የወጣው ጃቫ 11ም ተሰኪውን ጨርሶ አስወገደው። ሴኩሪቲ ማናጀር ግን ሰርቨር ላይ በሚሠሩ ጥቂት ፕሮግራሞች ምክንያት ብቻ ቆየ። ወጪው ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ በጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ተግባራት ፈቃድ የሚያጣራ ኮድ ይዘው መኖር ነበረባቸው፤ ፖሊሲ ፋይሉን በትክክል መጻፍም አብዛኛውን ሰው የሚያሸንፍ ሥራ ነበር። ስለዚህ በሴፕቴምበር 2021 ጃቫ 17 ሲወጣ፣ ጄኢፒ 411 በተባለ ውሳኔ፣ መከላከያው ሊወገድ የታሰበ መሆኑ ታወጀ። ጃቫ 18 አስተዳዳሪው በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ፕሮግራሞች በሥራ ላይ እያሉ እንዳያስነሱት ከለከለ። በማርች 2025 የወጣው ጃቫ 24 በጄኢፒ 486 ለዘለቄታው አሰናከለው።

ወደ ጃቫ 24 የተሻገረ ሁሉ ያን የጥድፊያ ሰዓት አይቶታል። በፍተሻው መቼት ላይ ሴኩሪቲ ማናጀር እንዲፈቀድ የሚያዝ አማራጭ ከተጻፈ ጃቫ ጨርሶ አይነሳም፤ በኮድ ውስጥ ሊያስነሳው የሞከረም «ይህ አይደገፍም» የሚል ስሕተት ይመለስለታል። ቀይ የሆኑት ፍተሻዎች በስም ሁሉም «የሴኩሪቲ ማናጀር ፍተሻዎች» ናቸው። ሲነበቡ ግን አራት የማይመሳሰሉ ነገሮች ሆነው ይገኛሉ።

ከፊሎቹ በእርግጥም ስለ መከላከያው ናቸው፦ «ያልተፈቀደለት ኮድ ፋይል ሊያነብ ሲሞክር ይከለከላል» የሚሉ። ጃቫ 24 ላይ እነዚህ ሊፈጸሙ አይችሉም፤ ስለዚህ ይወጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ መከላከያውን የያዙት እግረ መንገዳቸውን ነው፤ ለምሳሌ ፍተሻ ከተመደበለት ማህደር ውጭ ፋይል እንዳይጽፍ ሲባል ሁሉም ፍተሻ በፖሊሲ ፋይል ሥር ይካሄድ ነበር። እነዚህን መሰረዝ አያስፈልግም። መቼቱ ይነሳል፤ ፍተሻዎቹ ይቀጥላሉ።

ሦስተኛዎቹ በጣም የሚያሳስቱት ናቸው። አንድ የጃቫ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ «ውጣ» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ፣ በዚያው ሂደት ውስጥ ያለው ፈታሽ ፕሮግራምም አብሮ ይዘጋል። ይህን ለማስቀረት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለብዙ ዓመታት በሴኩሪቲ ማናጀር ተጠቅመው የመውጫ ትእዛዙን እየጠለፉ ሲፈትሹ ኖረዋል። የእነዚህ ፍተሻዎች ጉዳይ ደህንነት አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሲሳካለት ዜሮ፣ ሲወድቅ አንድ ብሎ መውጣቱን ነው የሚያዩት። የሌሊት የመረጃ ቅጂ የሚወስድ ፕሮግራም ወድቆ «ተሳክቷል» ካለ፣ ማንም ሳያውቅ ለወራት ቅጂ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚይዘው ፍተሻ «የደህንነት ባህሪው ስለወጣ» ተብሎ ቢሰረዝ ያሳዝናል። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ለብቻው በሌላ ሂደት አስነስቶ የመውጫ ቁጥሩን ማንበብ ነው፤ ዘገም ይላል፣ ግን ከማንም ማናጀር ጋር አይጣላም።

አራተኛው ክፍል በጣም ከባዱ ነው፦ መከላከያው እውነተኛ አደጋ ያስቀርባቸው የነበሩ ፕሮግራሞች ፍተሻዎች። ኢላስቲክሰርች የተባለው የፍለጋ ሰርቨር ሴኩሪቲ ማናጀርን አጥብቀው ከያዙት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በዲሴምበር 2021፣ ጃቫ 17 መከላከያው ሊወገድ እንደሆነ ካወጀ በሦስተኛው ወር፣ ሎግ4ሼል የተባለው ቀዳዳ ዓለምን አናወጠ። ስፍር ቁጥር በሌላቸው የጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ ባለው ሎግ4ጄ ላይብረሪ አማካይነት አጥቂ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ልኮ በሰው ሰርቨር ላይ የራሱን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። የኢላስቲክሰርች ባለቤት ኩባንያ 6ኛውና 7ኛው ስሪቶች ለዚህ የርቀት ኮድ ጥቃት እንዳልተጋለጡ ሲያስታውቅ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው ያንኑ ጡረታ የታወጀለትን ሴኩሪቲ ማናጀር ነው። በቂ ተጠቃሚ የለውም ተብሎ የሚወጣ መከላከያ ለጥቂቶቹ ተጠቃሚዎቹ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም መከላከያው ሲወጣበት «ተጨማሪ ኮድ ያለ ፈቃድ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም» የሚለውን ፍተሻ መሰረዝ ማለት ቃሉን መተው ማለት ነው። ኢላስቲክሰርች በ2025 «ኢንታይትልመንትስ» የሚባል የራሱን ምትክ ይዞ መጣ፤ ከእርሱ የተገነጠለው ኦፕንሰርችም በዚያው ዓመት በ3.0 ስሪቱ በሌላ መንገድ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ምትክ አደረገ። ዘዴው ተለወጠ፤ «አይገናኝም» የሚለው ጥያቄ ግን ለአዲሱ ዘዴም ይቀርባል።

የጃቫ ሰዎች አንድ የሚያስመሰግን ነገር አድርገዋል። ሴኩሪቲ ማናጀር እንዲነሳ የታዘዘ ጃቫ 24 ትእዛዙን ችላ ብሎ መሄድ ይችል ነበር። እነርሱ ግን ፕሮግራሙ ጨርሶ እንዳይነሳ መረጡ። ይህም ከዓመታት በፊት ፖሊሲ ፋይል ጽፎ «ተጠብቄአለሁ» ብሎ የተኛን አስተዳዳሪ እንዲነቃ ያደርገዋል። ከዚህ የሚወለድ አዲስ ፍተሻ አለ፦ «የወጣውን መከላከያ እንዲያስነሳ የተጠየቀ ፕሮግራም በግልጽ ይወድቃል።» የድሮው ፍተሻ የተገለበጠ ገጽ ማለት ነው፤ ቀድሞ መሥራቱን ያረጋግጥ የነበረው አሁን አለመሥራቱን ያረጋግጣል።

ኮዱ እያለ ፍተሻው ሲሄድ

ፍተሻው ተሰርዞ ኮዱ ከቀረ የከፋው ሁኔታ ተፈጥሯል። ማንም የማያየው፣ ማንም የማይመረምረው፣ ሆኖም ከውጭ የሚደረስበት ኮድ ይሆናል። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ሕግ ወደ ውጭ የሚላክ የምስጠራ ሶፍትዌር በደካማ ቁልፍ ብቻ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር፤ አርኤስኤ ለተባለው የምስጠራ ስልት የተፈቀደው ትልቁ ቁልፍ 512 ቢት ነበር። ሕጉ በ2000 ላላ። ደካማው ስልት ፈላጊ አጣ፤ ኮዱ ግን በየላይብረሪው ተቀመጠ። በማርች 2015 ተመራማሪዎች «ፍሪክ» ብለው የሰየሙትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። በመካከል የቆመ አጥቂ ሰርቨሩ ያን የድሮ ደካማ ቁልፍ እንዲልክ ያደርጋል፤ የተጠቃሚው ብራውዘርም ሳይጠይቀው የመጣለትን ቁልፍ ይቀበላል። 512 ቢት ቁልፍ ደግሞ በዚያን ጊዜ በኪራይ ኮምፒውተሮች በመቶ ዶላር ገደማ በሰዓታት ውስጥ ይሰበር ነበር። የአንድሮይድ ብራውዘር፣ የአፕል ሳፋሪ፣ የዊንዶውስን የራሱን የምስጠራ ክፍል የሚጠቀሙ ፕሮግራሞችም ተጋልጠው ተገኙ።

እዚህ ላይ የጎደለው «ደካማው ቁልፍ ይሠራል» የሚል ፍተሻ አልነበረም። የጎደለው «ያልጠየቅሁት ደካማ ቁልፍ ቢመጣ እምቢ እላለሁ» የሚለው ነው። ስለዚህ ኮድና ፍተሻ አንድ ላይ፣ በአንድ ለውጥ ውስጥ ይወጣሉ፤ ኮዱ በሆነ ምክንያት ከቆየ ፍተሻዎቹም ይቆያሉ፤ እነርሱም ሁለት ይሆናሉ። አንዱ ባለቤቱ ሲፈቅድ መሥራቱን፣ ሁለተኛው ሳይፈቀድ ተዘግቶ መገኘቱን ያያል። ሁለተኛውን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው።

ጡረታ የወጣ መከላከያ ይቀመጥ ወይስ ይጣል የሚለው ጥያቄ ከሶፍትዌር ውጭ የአርሲ ስንዴ ተመራማሪዎችንም ይገጥማቸዋል። ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2005 ተለቆ፣ ዋግን በመቋቋሙ በአርሲና በባሌ ደጋ በሰፊው ተዘርቶ ነበር። በ2013 ግን ቲኬቲቲኤፍ የተባለ የግንድ ዋግ ዘር የዲጋሉን መከላከያ ጂን አልፎ ባሌ ላይ ብዙ ማሳ አጠፋ። ያ ጂን ለገበሬው ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ለመርማሪዎቹ ግን አልወጣም። የግንድ ዋግ ዘር የሚለየው እያንዳንዳቸው የታወቀ ጂን በያዙ 20 የስንዴ መስመሮች ላይ በሽታውን በማስያዝ ነው፤ የዘሩ ስም አምስት ፊደላትም የሚወጡት የትኞቹ መስመሮች እንደታመሙና የትኞቹ እንደቆሙ ታይቶ ነው። ከሃያዎቹ መካከል ዋግ ከብዙ ጊዜ በፊት ያሸነፋቸው ጂኖች አሉ፤ የዲጋሉም፣ ዩጂ99 የተባለው ዘር ኡጋንዳ ውስጥ የሰበረው ኤስአር 31ም በዚያው ይገኛሉ። ማንም አርሶ አደር በእነርሱ አይተማመንም፤ ግን ከረድፉ ቢነሱ አዲስ የመጣውን ዘር ከአሮጌው መለየት አይቻልም። በአሰላ አቅራቢያ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬ የሚሰጠውን ዝርያ ሲለዋውጥ የሚኖርበት፣ የመለያ መስመሮቹ ግን የሚቀመጡበት ምክንያት ይኸው ነው። ሶፍትዌር ከዋግ በአንድ ነገር ይለያል፦ ዋግ ከደጋው አይጠፋም፤ የሶፍትዌር መከላከያ ግን ከነኮዱ በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል። ሲጠፋም ፍተሻው የሚያየው ነገር አይኖረውም።

ማን ይቀራል?

የአንድ መከላከያ መውጫ ቀን በኮዱ ብቻ አይወሰንም፤ በተጠቃሚዎቹ መሣሪያም ይወሰናል። ስልክና የባንክ ሰርቨር በምስጢር የሚነጋገሩበት ቲኤልኤስ 1.0 በ1999 የወጣ ነው። በ2020 ትልልቆቹ ብራውዘሮች ዘጉት፤ በማርች 2021 የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ከ1.1 ጋር አብሮ ጥቅም ላይ መዋል እንደሌለበት በይፋ ደነገጉ። ነገር ግን ከአንድሮይድ 5 በፊት የነበሩ ስልኮች ብዙዎቹ 1.2ን ቢያውቁም ሳይታዘዙ አያስነሱትም። አዲስ አበባ ውስጥ ታላቅ ወንድም አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌው ጢቾ ላሉት ታናናሾች ይላካል። ሰርቨሩ 1.0ን የዘጋ ዕለት ያ ስልክ ያለ ማብራሪያ «መገናኘት አልተቻለም» ይላል፤ ባለቤቱም ወይ ኔትወርኩን ወይ ባንኩን ይረግማል።

ስለዚህ ፍተሻን ስለመሰረዝ ከመወያየት በፊት የሰርቨሩን መዝገብ ማንበብ ይገባል፤ በአሮጌው ስልት የሚገናኝ ሰው ዛሬም አለ? ካለና ድርጅቱ ሊያቆየው ከወሰነ፣ ፍተሻው ይቆያል። ካቆመ ደግሞ «1.0 ይሠራል» የሚለው ፍተሻ «1.0 ይከለከላል» ወደሚለው ይገለበጣል። መጥፎው መካከለኛ መንገድ ነው፦ ሰርቨሩ 1.0ን እየተቀበለ ፍተሻው ስላስቸገረ ብቻ የተሰረዘበት።

ማስቸገሩ እውነት መሆኑን መካድ አይገባም። ከ20.04 ስሪት ጀምሮ ኡቡንቱ ቲኤልኤስ 1.0ን በራሱ መቼት አይቀበልም፤ የድሮውን ፍተሻ እዚያ ላይ ለማስኬድ የምስጠራውን የደህንነት ደረጃ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለፍተሻ ተብሎ የተጻፈ ልል መቼት ደግሞ በኮፒ ወደ እውነተኛው ሰርቨር የመሄድ ልማድ አለው። ጡረታ የወጣን ነገር መፈተሽ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ይህም ፍተሻውን ለማውጣት ከሚቀርቡ ክርክሮች ሁሉ የሚያሳምነው ነው። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለው ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው።

ሌላው የሚታየው የድጋፍ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያጠናቅሩበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈና ቶምካት በተባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ነው። ቶምካት በ11ኛው ስሪቱ ለሴኩሪቲ ማናጀር የነበረውን ድጋፍ አውጥቷል፤ 9ኛውና 10.1 ግን ይዘውት አብረው ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን አንድ መልስ ብቻ ሊሰጥ አይችልም። በአዲሱ ቅርንጫፍ ፍተሻው ይሰረዛል፤ ድጋፍ እየተሰጠው ባለው አሮጌ ቅርንጫፍ ይቀጥላል። ሁለቱንም በአንድ ኮድ የሚያስተናግድ ላይብረሪ ደግሞ ፍተሻው በየትኛው የጃቫ ስሪት እንደሚካሄድና በየትኛው እንደሚታለፍ በግልጽ መጻፍ አለበት።

«ይታለፍ» የሚለው ምልክት ግን በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። ብዙ ቡድኖች መወሰን ሲያቅታቸው ፍተሻውን ሳይሰርዙት እንዳይካሄድ ብቻ ያደርጉታል። ፋይሉ አለ፣ ስሙ አለ፣ ለጎብኚ «ይህ ተፈትሿል» የሚል መልክ ይሰጣል፤ ግን ከዓመታት ወዲህ አንድም ቀን አልሄደም። ከዚህ ይልቅ በቅንነት መሰረዝ ይሻላል። የተሰረዘ ፍተሻ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር የፈለገ ያገኘዋል፤ የሚያገኘው ግን ለምን እንደተሰረዘ ከለውጡ ጋር ከተጻፈ ነው። ጥሩ ማስታወሻ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ኮዱ በየትኛው ለውጥ እንደወጣ፣ ፍተሻው ይጠብቀው የነበረው ቃል አሁን በየትኛው ፍተሻ እንደሚጠበቅ፣ ምትክ ከሌለው ደግሞ ቃሉ ሆን ተብሎ መተዉን። ሦስተኛውን መጻፍ የሚከብደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመሰረዝ ገና አልደረሰም።

ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይወጣል። መጀመሪያ ፍተሻዎቹ ይነበባሉ፤ ስለ ዘዴው የሆኑት ስለ ቃሉ ከሆኑት ይለያሉ። ከዚያ የተገለበጠው ፍተሻ ይጻፋል፤ መከላከያው ገና እያለ ቀይ መሆኑ ይታያል፤ ቀይ ሆኖ የማያውቅ ፍተሻ ምን እንደሚይዝ አይታወቅምና። ቀጥሎ ኮዱና ስለ ዘዴው የነበሩት ፍተሻዎች አብረው ይወጣሉ፤ የተገለበጠው አረንጓዴ ይሆናል።

የተገለበጠው ፍተሻ ራሱ የሚወጣበት ቀን እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ፒኤችፒ ማጂክ ኮትስን በ2012 ካወጣ በኋላ፣ መከላከያው በርቶ እንደሆነ የሚጠይቀውን ተግባር «አልበራም» እያለ እንዲመልስ አድርጎ ለዓመታት አቆይቶታል፤ በኖቬምበር 2020 በወጣው 8.0 ስሪት ተግባሩ ራሱ ሲጠፋ «አልበራም ይላል» የሚለው ፍተሻም የሚጠይቀው አጣ። ሴኩሪቲ ማናጀር ያለባቸው ጃቫ 17 እና 21 ከኦራክል የተራዘመ ድጋፍ የሚያገኙት እስከ 2029 እና እስከ 2031 ስለሆነ፣ በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ የድሮዎቹ ፍተሻዎች እስከዚያው ይሄዳሉ። ቲኤልኤስ 1.0ን የሚከለክለው ፍተሻ ግን የመውጫ ቀን የለውም፤ ከሰርቨሩ ወዲያ ማዶ ያለው ማንኛውም መሣሪያ 1.0ን ዛሬም ሊያቀርብ ይችላል፤ ሰርቨሩም በተጠየቀ ቁጥር እምቢ ማለት ይኖርበታል።